ውሃ ያዘለ አቂቅ

ጡረታ የወጣ ሰው ሁለት ሥራ ብቻ ነው የሚቀረው፤ ለቅሶ መድረስና ሐኪም ቤት ወረፋ መያዝ። ባለፈው ጥር ለመጀመሪያው ሥራ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም ስጓዝ ሚኒባሳችን አቀስታ ላይ ጎማው ተነፈሰና ሾፌሩ «ሻይ ጠጡ፣ አንድ ሰዓት አይፈጅም» ብሎ አራገፈን። የአቀስታ ብርድ የታወቀ ነው፤ አጥንት ድረስ ሳይገባ ሰላም አይልም። ጋቢዬን እስከ ጆሮዬ ስቤ መንገድ ዳር ካለችው ሻይ ቤት ልገባ ስል ከጓሮ በኩል የኩበት ጭስ መጣብኝ። ደረቅ ኩበት በአመድ ተዳፍኖ ቀስ እያለ ሲጨስ ያለው ሽታ ነው። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ምንም ሳይመስላቸው አለፉ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ለእኔ ያ ሽታ የምግብ ማብሰያ ሽታ አይደለም፣ የድንጋይ ማብሰያ ሽታ ነው። ደሴ ከገባሁ ወዲህ በጋዝና በኤሌክትሪክ ስንኖር አፍንጫዬ ረስቶት ነበር።

«ሻይ፣ ስኳሩን ቀነስ አድርጊው» አልኳት አሳላፊዋን። ይሄን ጊዜ ጥጉ አግዳሚ ላይ ነጭ ኮፍያ ያደረገ፣ ዱላውን በጉልበቶቹ መሃል ያቆመ ሰው ፊቱን ወደኔ አዞረ። ጥቁር መነጽር አድርጓል። «መምህር?» አለ፤ ከዚያ «የኬሚስትሪው መምህር ነዎት?» አለ። በድምፄ ነው ያወቀኝ። እኔም አውቄዋለሁ። እውነቱን ልናገር፣ እግሬ ወደ በሩ ዞሮ ነበር፤ ሹልክ ብዬ ብወጣ ማን ወጣ ብሎ አያይም። የመለሰኝ ኅሊና አይደለም፣ ብርዱ ነው። ሄጄ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ሰይድ ነበር።

መካነ ሰላም ስመደብ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ዓመት ያህል ሆኖታል፤ ትልልቆቹ ፎቶዎች ከየቢሮው ግድግዳ ወርደው ምስማሮቹ ቀርተዋል፣ ስብሰባው ግን አልቀነሰም። እኔ ከአባይ ማዶ ከጎጃም ነኝ፤ አገሩን አላውቅም፣ ሰውንም አላውቅም። ለአንድ ክፍል ቤት ከነአልጋው በወር ሃያ ብር እከፍል ነበር፤ ዶሮ በስምንት ብር ተገዝታ «ዋጋዋ ናረ» ተብሎ ይወራል። ጂንስ ሱሪዬን ከደሴ ነው የገዛሁት፤ ጉልበቱ ላይ ነጣ ያለ፣ እግሩ ጠበብ ያለ፣ ያኔ የሚለበሰው እሱ ነበር። ነጭ ሸራ ጫማዬን ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ የትምህርት ቤቱን ጠመኔ ፈጭቼ አነጣዋለሁ፤ ዝናብ ሲመታው ከእግሬ ሥር ነጭ ወተት ይፈስሳል። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት አንድ ካሴት ቤት ነበረ። ባለቤቱ ቆጣቢ ስለነበር የቴፑን ባትሪ ፀሐይ እያሰጣ መልሶ ይጠቀምበታል፤ ከሰዓት በኋላ ባትሪው ሲደክም የሴቷም ዘፈን በወንድ ድምፅ ይወጣል። እኛ መምህራን እዚያ ቆመን እየሳቅን ነበር የምናመሸው። ዛሬ ያ ካሴት ቤት የት እንደነበረ ብጠየቅ አላገኘውም፤ ከተማው ሁሉ ባለ መስታወት ሆኗል አሉ።

ትምህርት ቤቱ ሁለት ዓመት ሙሉ የኬሚስትሪ መምህር አልነበረውም። ስለዚህ ስገባ እንደ ሙሽራ ነው የተቀበሉኝ። ከተቀበሉኝ ሰዎች አንዱ ሼህ እንድሪስ ናቸው፤ ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ ቁርአን የሚያስቀሩ፣ እኛ የሚያስተምሩ የምንለው፣ ቤታቸው ከጠዋት እስከ ማታ በደረሳ፣ በተማሪያቸው፣ የሚሞላ ሰው። የራሳቸው ልጆች የኔ ተማሪዎች አልነበሩም፤ ግን ለጎረቤት ልጆች ሲሉ መጥተው እጄን ያዙና «መምህር፣ አላህ አመጣዎት። የእንግዳ ነገር አደራ ነው፤ የጎደለዎት ነገር ካለ ወደኛ ይበሉ» አሉኝ። የጎደለኝ መዝናኛ ነበር፤ እሱን ልጃቸው ሰይድ ሰጠኝ።

ሰይድ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የጣቶቹ ጫፍ ሁልጊዜ ቀለም የነካው። ሥራው ኪታብ መገልበጥ ነበር። አባቱ ከአባታቸው የወረሱት ትልቅ ኪታብ ነበራቸው፤ ምስጥ ዳር ዳሩን በልቶት ገጾቹ ተራ በተራ እየረገፉ ነው። ሰይድ በመቃ ብዕርና ከጥላሸት በሚያዘጋጀው ቀለም ገጽ በገጽ ይገለብጠዋል። ሲጨርስ አባቱ ከጎናቸው አስቀምጠው ለደረሳው ሁሉ «ከእንግዲህ የሚያስቀራችሁ ይሄ ነው» ሊሉ ቃል ገብተዋል። የዚያ ልጅ ኑሮ በሙሉ የተንጠለጠለው እዚያ ኪታብ ላይ ነበር። ሰባት ዓመት ጽፎ፣ ስተዋወቀው የቀረው አርባ ገጽ ያህል ነው።

ድንጋይ ደግሞ ትርፍ ጊዜው ነበር። አቂቅ የሚሉት ድንጋይ ቀለበት ላይ የሚቀመጠው ነው፤ ትልልቅ ሰዎች ጣት ላይ ቀይ ሆኖ የሚታየው። ከወንዝ ሲወጣ ግን ቀይ አይደለም፣ የሚያምርም አይደለም፤ ከላይ ሲያዩት ድንች ነው። ከከተማው ወደ ምዕራብ ሲወርዱ ደጋው ድንገት ያልቅና ገደል ይጀምራል፤ ከገደሉ ሥር ያለው ወንዝ ክረምቱን ሙሉ ድንጋይ ሲያንከባልል ይከርማል። መስከረም ላይ ጎርፉ ሲጎድል አሸዋው ላይ አዲስ ድንጋይ ተሰጥቶ ይገኛል። ቅዳሜ ጠዋት ዳቦና የውሃ ኮዳ ይዘን እንወርዳለን። እኔ ከቤተ ሙከራው የተዋስኩት መዶሻ አለኝ፣ የማዕድን ስም የተዘረዘረበት መጽሐፍ አለኝ። ሰይድ ምንም የለውም፤ ዓይን ብቻ ነው ያለው። ፀሐይ ገና ዝቅ እንዳለች ፊቱን ወደሷ አድርጎ ጎንበስ ብሎ ይሄዳል፤ ከሺህ ጥቁር ድንጋይ መሃል ብርሃን የምታሳልፈዋን አንዷን ከሩቅ ያያታል። አንስቶ በምላሱ ይልሳታል፤ ስትረጥብ በውስጧ ያለው መስመር ይወጣል። እኔም ፊቴን ወደ ፀሐይ አዞርኩ፣ ጎንበስ አልኩ፣ የወንዙን ድንጋይ ሁሉ ላስኩ። ከሰዓት ሲሆን የሱ ከረጢት ሙሉ ነው፤ የኔ አፍ ግን አሸዋ ብቻ።

ቅናት ነበር። ያኔ ስሙን አልጠራሁትም፤ አሁን ግን ልጥራው፣ ማን ይከለክለኛል። ዲግሪ ይዤ፣ የድንጋዩን ስም በፈረንጅኛ እያወቅኩ፣ መቃ ቀርጾ የሚጽፍ ልጅ ዓይን ይበልጠኛል? ስለዚህ ስም አወጣሁለት፤ «ማይክሮስኮፕ»። ትምህርት ቤቱ አንድ ማይክሮስኮፕ ነበረው፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ምንም የማያሳይ። መምህራን ማረፊያ ውስጥ ሰይድ በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ «ማይክሮስኮፑ መጣ!» ስል ሁሉም ይስቃል። እሱ ስሙን ሰምቶ ትርጉሙን ጠየቀኝ። «ትንሽ ነገር አጉልቶ የሚያይ መሣሪያ ነው» አልኩት። ደስ አለው፤ ለእህቱ ለዘይነባም ነገራት። ከዚያ ወዲያ ገበያ ላይ ስንገናኝ ዘይነባ «መምህር፣ ማይክሮስኮፕዎ እቤት ነው» እያለች ትስቅ ነበር። እኔም እስቃለሁ፤ እሷ በምትስቅበት ግን አልነበረም።

አባትየውንም አልማርኳቸውም። አንድ ቀን ሰይድ ክንድ የሚያህል የድንጋይ እንጨት አገኘ። ጥንት ዛፍ የነበረ፣ ዘመን ሲያልፍበት ወደ ድንጋይ የተለወጠ፤ ቅርፊቱ፣ ቀለበቱ፣ ቅርንጫፉ የተቆረጠበት ቦታ ሳይቀር ይታያል። ሼህ እንድሪስ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ረጅም ጊዜ ዳሰሱት። «ያ ረቢ! እንዲህ ያለ ዛፍ ጥላው ሰፊ ነበር። ማን አርፎበት ይሆን?» አሉ። «ያኔ ሰው አልነበረም ሼህ» አልኳቸው፤ መጽሐፌን የጻፍኩት ራሴ ይመስል። ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ለማን በቀለ?» አሉኝ። ይቺን ጥያቄ ሰኞ ጠዋት መምህራን ማረፊያ ወስጄ በሼሁ ድምፅ አስመስዬ አቀረብኳት፤ ሻይ የጠጡት ሁሉ ትን አላቸው። ዛሬ በስድሳ ዓመቴም ያቺን ጥያቄ አልመለስኳትም።

እነሱ ቤት አቂቅ ማቅላት የዘር ሙያ ነው። ግራጫውን ድንጋይ መጀመሪያ ወር ያህል ፀሐይ ያሰጡታል። ከዚያ የተሰበረ ማሰሮ ውስጥ አመድ ሞልተው ይቀብሩታል፤ ማሰሮውን ከድነው ዙሪያውን ኩበት ይከምሩና ያለ ነበልባል ከጠዋት እስከ ማታ እንዲጨስ ይተዉታል። ትልቁ ጥበብ አለመቸኮል ነው። በማግስቱ ሲከፈት አመድ የመሰለው ድንጋይ ደም መስሎ ይወጣል። ሰይድ ያንን ቀይ ድንጋይ ለገበያ አውጥቶ ለቀለበት ሠሪዎች ይሸጥ ነበር፤ ሽያጩ ለወረቀትና ለቆዳ ይሆነዋል።

ከአዲስ አበባ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚመጣ አንድ ገዢ ነበረ። ስሙን አልጽፍም፤ አረንጓዴ መኪናና ማስቲካ የማይለየው ሰው ነው። ሆቴሉ ውስጥ አልጋ ላይ ድንጋዮቹን ዘርግቶ ያገላብጣል፤ የተማርኩ ስለሆንኩ ከኔ ጋር ማውራት ይወዳል። አንድ ቀን በሩን ዘጋና እንዲህ አለኝ፦ «ስማ፣ በጣም አልፎ አልፎ ውስጡ ውሃ ያለበት ይገኛል። ስትነቀንቀው ይሰማል፣ ፀሐይ ላይ ስትይዘው ውሃው ሲንቀሳቀስ ታየዋለህ። እሱን ካገኛችሁ እንዳለ አምጡልኝ። እሳት እንዳይነካው ብቻ፣ ይፈነዳል። እሱን ይዘህልኝ ና፣ ሞተር ሳይክል እየነዳህ ትገባለህ።» በዚያ ዘመን በከተማው የነበረው ሞተር ሳይክል የግብርና ቢሮው ብቻ ነው፤ ሲያልፍ ዶሮ ከነጫጩቷ ትበተናለች፣ ልጃገረዶች ቀና ይላሉ። ያን ሌሊት ሞተር ሳይክል ስነዳ አደርኩ። ለሰይድ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

አገኘው። እሱ ነው ያገኘው፣ ጥቅምት ላይ፣ እኔ አምስት እርምጃ ርቄ አንድ የማይረባ ጥቁር ድንጋይ ስልስ። ጭብጥ የምታህል ነበረች፤ አንድ ጎኗ ተፍቆ እንደ ጥፍር ስስ ሆኗል። ጆሮው ላይ ነቀነቃትና ፊቱ ተለወጠ። «እንኩ መምህር፣ ይስሟት! ወላሂ ሆድ አላት!» አለ። ጆሮዬ ላይ አደረግኳት፤ ውስጧ ውሃ ተንቦጫረቀ። ወደ ፀሐይ ሳነሳት በስሱ ጎን በኩል አንዲት አረፋ ከዳር ወደ ዳር ሄደች። ዓለም ሲፈጠር የገባ ውሃ ነው። እንደምንም ፊቴን ሰብሰብ አድርጌ «ውሃ የገባበት ነው፣ ተበላሽቷል» አልኩ። «ለገበያ አይሆንም። ለቤተ ሙከራው ልውሰደው፣ ተማሪዎች ይዩት።» ሰይድ ያገኘውን ሁሉ ሲሰጠኝ የኖረ ልጅ ነው፤ ያን ቀን ግን ድንጋዩን ከእጄ ቀስ አድርጎ ወሰደ። «ይቺስ ለአባባ ናት። ኪታቡን የጨረስኩ ለት እሰጠዋለሁ። ቀልታ ውሃዋ በውስጧ ሲሄድ ምን እንደምትመስል አያስቡም?» አለኝ። ሁለት ጊዜ መልሼ ጠየቅኩት። በመጨረሻ ሬዲዮኔን ልስጥህ አልኩት። ሳቀና «አብሽር መምህር፣ ሌላ እናገኛለን» አለኝ። ያ ሳቅ አናደደኝ፤ የሚያገኘው እሱ መሆኑን ያውቃል ብዬ ነው።

ድንጋዩን ወር ያህል ጣሪያ ላይ ፀሐይ አሰጣው። በዚያው ሰሞን እኔ ዘጠነኛ ክፍል ስለ እንፋሎት አስተምር ነበር። ጣሳ ውስጥ ትንሽ ውሃ ጨምሬ ክዳኑን ግጥም አድርጌ እሳት ላይ ጣድኩት፤ ክዳኑ ተስፈንጥሮ ኮርኒሱን ቀደደው፣ ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ይሄን የምናገረው አላውቅም ነበር እንዳልል ነው። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ከሰዓት ሰይድ ቤቴ መጣ። እህቱ ዘይነባ የሚፈጭ እህል ተሸክማ ከአጥሩ ውጭ ትጠብቀው ነበር፤ እሱ በሩ ድረስ ገባ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። አርባው ገጽ አልቋል፤ የቀረኝ መጨረሻው ላይ የአያቴን ስምና የኔን ስም መጻፍ ነው። ነገ ከጁምዓ ሶላት በፊት አቂቋን እሳት ላይ ልጥዳት አስቤ ነበር። ግን ውሃ አለባት፤ እሳት ትችላለች?»

ጥያቄው ይሄ ነው። የመጣው ደግሞ ወደኔ ነው፤ በዚያ ከተማ መልሱን የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም። ሞተር ሳይክሌን አሰብኩ፣ ያንን ሳቁን አሰብኩ። እኔ ካላገኘኋት እሱም አያግኛት፣ ትሰበር አልኩ በልቤ። ዓይኑን አላሰብኩም። ማንም እንዲያምነኝ አልጠብቅም፣ እኔም አንዳንድ ቀን አላምነውም፤ ግን አላሰብኩም።

«ድንጋይ አይደለች እንዴ፣ ምን ትሆናለች?» አልኩት። ይሄ ቢበቃኝ ምን ነበረበት? ጨመርኩበት፤ «እንዲያውም ውሃ ስላለባት በቀስታ እሳት አትቀላም። ነበልባል አድርግላት፣ አናፋባት።»

«አላህ ይስጥልኝ መምህር» አለ።

«ሰይዶ! ወፍጮው ሊዘጋ ነው!» አለች ዘይነባ ከአጥሩ ውጭ። እየሮጠ ሄደ።

ዓርብ ጠዋት ክፍል ውስጥ ሳለሁ ነው ፍንዳታው የተሰማው። ትልቅ ድምፅ አልነበረም፤ ተማሪዎቹ ጎማ ነው አሉ። እኔ ግን ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ሰይድ እኔ እንዳልኩት ነበልባል አንድዶ፣ እኔ እንዳልኩት ጎንበስ ብሎ እያናፋ ነበር። ማሰሮው፣ አመዱ፣ ድንጋዩ፣ ሁሉም የመጣው ወደ ፊቱ ነው። ክሊኒክ ስደርስ አግዳሚ ላይ አስተኝተው ፊቱን በአባቱ ሻሽ ሸፍነውታል። አይጮህም ነበር፤ ጣቶቹን ብቻ አንድ በአንድ ይነካካል፣ በሙሉ መኖራቸውን የሚቆጥር ይመስል። ድሬሰሩ «ይሄ የኛ አይደለም፣ ደሴ ነው» እያለ መኪና ሲፈልግ ሼህ እንድሪስ ወደኔ ዞሩ።

«መምህር፣ አንቱ የተማሩ ሰው ነዎት። ድንጋይ እንዲህ ያደርጋል? ይሄ ምንድን ነው?»

ክፍሉ በሰው ተሞልቷል፤ ሁሉም እኔን ያያል። «ነግሬው ነበር እኮ ሼህ!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ውሃ ያለበት ድንጋይ እሳት አይችልም፣ ተው ብዬው ነበር። የዘንድሮ ወጣት አይሰማም!» የምበልጠው በአራት ዓመት ነው።

ከሻሹ ሥር ጭንቅላቱ ወደ ድምፄ ዞረ። «ነግረውኝ ነበር?» አለ። ክስ አልነበረም፣ ጥያቄ ነው።

«ረስተኸው ነው» አልኩት።

ዘይነባ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አፏን ልትከፍት ስትል አባቷ እጃቸውን ወደሷ አነሱ፤ አፏን ዘግታ ወጣች። ሐዘን ነው ብዬ አለፍኩት። በዚያኑ ቀን ከሰዓት፣ ሰይድና አባቱ በጭነት መኪና ወደ ደሴ ሲሄዱ፣ እኔ ጓሯቸው ገብቼ ስባሪውን ለቀምኩ። ትልቋ ስባሪ ዛሬም ደሴ ቤቴ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ አለች፤ ሆዷ ውስጥ ስኳር የመሰለ ነገር ያብረቀርቃል። እንግዳ ሲያደንቃት «በወጣትነቴ ወንዝ ለወንዝ ስዞር ያገኘኋት ናት» እላለሁ። ገዢው ግንቦት ላይ መጥቶ ሳሳየው ማስቲካውን እያኘከ «እሳት እንዳይነካው አላልኩህም?» አለኝ። ሞተር ሳይክል ነድቼ አላውቅም። የሰይድ ግራ ዓይን ደሴ ቀረች፤ ቀኟ ዓመት ሳይሞላት ተከተለቻት። ኪታቡ መጨረሻ ላይ የሁለት ሰው ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶውን ቀረ። እኔ በሦስተኛው ዓመት ዝውውር አገኘሁ፤ ስሄድ ሼህ እንድሪስ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝና ለመንገዴ ዱዓ አደረጉልኝ። ምንም አያውቁም ብዬ ነበር፤ አውቶቡሱ ሲነሳ በልቤ «የዋህ ሽማግሌ» ማለቴን አስታውሳለሁ።

እንግዲህ አቀስታ ሻይ ቤት ከጎኑ የተቀመጥኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጣቱ ላይ ቀይ አቂቅ አድርጓል። አባቱ ካረፉ ወዲህ ከዘይነባ ጋር እዚህ እንደሚኖር፣ በቃሉ የያዘውን ልጆችን እንደሚያስቀራ፣ ሰዉም ሼህ እንደሚለው ነገረኝ። ጤናዬን ጠየቀ፣ የልጆቼን ቁጥር ጠየቀ፣ የጉልበቴን ሕመም ሳይቀር ሰምቶ «አላህ ያሽርዎት» አለ። ቀለል ብሎኝ ሁለተኛ ሻይ አዘዝኩ።

«መምህር» አለ ያኔ ዱላውን እያሻሸ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ቅር እንዳይልዎት። ያን ለት ክሊኒክ ‹ነግሬው ነበር› ብለው ነበር። እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት ሳስበው አልመጣልኝም። የት ቆመን ነበር የነገሩኝ?»

ውጭ ሾፌሩ ጎማውን በብረት ይመታል። ልናገር እችል ነበር። ሻይ ቤቱ ውስጥ ከኛ ሌላ አሳላፊዋ ብቻ ናት፤ ፖሊስ የለ፣ ዳኛ የለ። ከፊቴ ያለው ሰው ፊቴን እንኳ አያይም። ይሄ ሁሉ ተመቻችቶልኝ አፌ ግን የለመደውን አደረገ።

«ከወንዙ ስንወጣ» አልኩ። «ያቺ ሾላ ሥር ትንሽ አረፍን፣ ትዝ አይልህም? ‹ውሃ ያለበት እሳት አይችልም፣ ተው› አልኩህ። ሁለት ጊዜ ነው የነገርኩህ።»

«ሾላዋ ሥር።»

«ሾላዋ ሥር። አንተ ያኔ ችኩል ነበርክ።»

ራሱን ነቀነቀ። ሻዩን ጨርሶ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ጫፉን በጣቱ ፈልጎ ነው፤ ጣቱ ላይ ቀለም የለም።

«ዘይነባ ከአጥሩ ውጭ ነበረች መምህር» አለኝ። ድምፁ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «ያሉኝን ሁሉ ሰምታለች። ‹አናፋባት› ያሉትንም። ከሰዓት ስባሪውን ሲለቅሙም ከኩሽና ሆና አይታዎታለች። እኔም የሰማሁትን አልረሳሁም። ክሊኒክ ልትናገር ስትል አባባ ነው ዝም ያሰኛት። በማግስቱ ዘይነባ ደሴ ስትደርስ አልጋዬ ዳር ሰብስቦን ‹መምህሩ እንግዳ ነው› አለን። ‹ይሄ ነገር ከወጣ የአገሩ ጎረምሳ ይገድለዋል፣ ወይ ለቆ ይሄዳል። እሱን ለማግኘት ሁለት ዓመት ጠብቀናል። የአንዱ ልጅ ዓይን ጠፍቷል፤ የሌሎቹን አናጥፋ› አለን። እኛም ዝም አልን።»

ያኔ «የዋህ ሽማግሌ» ያልኳቸው ሰው መናኸሪያው ላይ ዱዓ ሲያደርጉልኝ ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ነበር፤ ያ አስተያየት አሁን ገባኝ። ሰውነቴ ሁሉ በላብ ተጠመቀ፣ በአቀስታ ብርድ።

«ታዲያ... ታዲያ ለምን ጠየቅከኝ?» አልኩ በመጨረሻ።

«አባባ ሲሞት ‹አንድ ቀን ራሱ ይነግርሃል፣ ያን ለት ይቅር በለው› ብሎኛል። አደራ ነው። ድምፅዎን ስሰማ ቀኑ ዛሬ መስሎኝ ነው» አለና ዱላውን ይዞ ተነሳ። ከኪሱ የሆነ ነገር አውጥቶ ለአሳላፊዋ ሰጣት፣ በሩን በእጁ ዳብሶ አገኘውና «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ ወጣ። ኩበቱ የሚጨሰው ከሱ ቤት ጓሮ እንደሆነ ያወቅኩት ወደዚያው ሲታጠፍ ነው።

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ከጋቢዬ ሥር ብር አወጣሁና «ስንት ነው የኔ ልጅ?» አልኳት አሳላፊዋን።

«ሼህ ሰይድ ከፍለዋል» አለችኝ ብርጭቆዎቹን እየሰበሰበች። «እሳቸው እንግዳ አያስከፍሉም።»